የዶሮ ቤት ቅንቅንን በጋራ ለማጥፋት፦ የጅማ ዶሮ አርቢዎች ማኅበራችን የዕቅድ ውይይት (ተናጋሪዎቹ በሰፈራቸው ስም ተጠርተዋል)

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበው ረቂቅ ይኸውና፦ «አባላት በሙሉ በአንድ ቀን የዶሮ ቤታቸውን ያጽዱ፣ መድኃኒት ይርጩ። ግማሹን ወጪ ማኅበሩ ይሸፍን።» ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

ከጅሬን፦ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን አንድ ቀን አይበቃም። አብዛኛው መድኃኒት የቅንቅኑን ዕንቁላል አይገድልም። ሙቀት ካገኘ ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ተፈልፍሎ፣ አድጎ እሱም ይጥላል። «ከ7 ቀን በኋላ ይደገም» የሚል ይግባበት።

ከቦሳ ቂጦ፦ እኔ ቤት መኖሩንም እንጃ። ዶሮዎቼን ቀን ላይ አገላብጬ አየሁ፣ ምንም የለም። እንቁላሉ ግን ቀንሷል።

ከጅሬን፦ እህቴ፣ ቀን ዶሮዋ ላይ አታገኚውም። ሌሊት ደም ይመጥና ሲነጋ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ማታ ባትሪ ይዘሽ ግቢ። ቆጡ ከግድግዳው የሚገጥምበትን በነጭ ወረቀት ጠረግ አድርጊና ወረቀቱን አጥፈሽ በጥፍርሽ ተጫኚው። ደም ከቀባ ራሱ ነው። ሲመሽ ዶሮዎቹ አንገባም ካሉም ጠርጥሪ።

ከሄርማታ፦ ለከብት መዥገር የምንረጨውን ብንጠቀምስ? በየቤታችን አለ፣ ርካሽም ነው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ እሱን እባክዎ ይተዉት። ዶሮዋን ሊመርዝ ይችላል፣ ቅሪቱም እንቁላሏ ውስጥ ይገባል። ያንን እንቁላል የሚበሉት ልጆቻችን ናቸው። ለዶሮ የተፈቀደውን ብቻ፣ እንቁላሉ ስንት ቀን ሳይሸጥ እንደሚቆይ ሐኪም ነግሮን እንግዛ። የቅንቅኑን ናሙና ለጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እናሳይ፣ ይህም ረቂቁ ውስጥ ይግባ።

ለእኔ ግን ከመርጨቱ በፊት የሚሠራው ሥራ ይበልጣል። የብዙዎቻችን ቆጥ ቅርፊቱ ያልተላጠ ባሕር ዛፍ ነው። ቅርፊቱን ብታነሡት ከሥሩ አመድ የመሰለ ነገር ተቆልሎ ታያላችሁ፤ የጠገበው ደግሞ ቀይ ነው። ቆጡ ይነቀል፣ ይላጥ፣ የፈላ ውኃ ይፍሰስበት፣ ፀሐይ ላይ ይዋል። የተነጠፈው የቡና ገለፈት ወጥቶ ይቃጠል። የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ተደፍኖ ኖራ ይቀባ። ቤቱን ባዶ ትቶ መጠበቅም አያዋጣም። ቅንቅኑ ሳይበላ 8 ወር ሊቆይ ይችላል።

ከጊንጆ፦ የእንቁላል ትሪውስ? ነጋዴው ከአንዱ ቤት አንሥቶ ሌላው ቤት ያደርሰዋል። ቅንቅኑም አብሮ ይዞራል። ትሪ ዶሮ ቤት አይግባ፣ ርክክቡ ደጅ ይሁን።

ጸሐፊ፦ ሁሉም ገብቷል። የቀረን አቅም የሌላቸው እናቶች ጉዳይ ነው። ቆጥ ማን ይነቅልላቸዋል?

ከሄርማታ፦ መዥገሩን መድኃኒት ትቻለሁ፣ ልጄ። ለእናቶቹ የኔ ልጆች ይመጣሉ። የጀርባ መርጫውን ግን ማኅበሩ ይግዛ።

ከጊንጆ፦ እኔም አለሁ። ቀኑን ብቻ ቁረጡልን።