መኪናው 1,800 ኪሎ ይጎትታል ይላል፤ 1,450 ኪሎ ካራቫን ሳይወዛወዝ ይከተለዋል?

ባለ አንድ አክስል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከግዢ በፊት ቁጥሮቹን እዩልኝ።

መኪናው፦ ባዶውን 1,620 ኪሎ፣ ከነጭነቱ እስከ 2,130። ፍሬን ያለው ተጎታች እስከ 1,800፣ መኪናና ተጎታች አንድ ላይ እስከ 3,700፣ ጋንቾው (ከመኪናው ኋላ ያለው ባለ ኳስ መጎተቻ) ላይ ወደ ታች የሚፈቀደው ጫና 80 ኪሎ።

ካራቫኑ (በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት)፦ ባዶውን 1,180፣ ከነጭነቱ እስከ 1,450። ከጋንቾው እስከ አክስሉ 4 ሜትር።

ሻጩ «1,800 ለሚጎትት መኪና 1,450 ምኑ ነው» ይላል። ሌሎች ከመኪናው ክብደት 85 በመቶ አይለፍ ይላሉ። ከካራቫኑ ኋላ ሁለት ብስክሌት ለመስቀልም አስቤያለሁ። ማረጋጊያ (ውዝዋዜን የሚቀንስ ዕቃ) ቢገጠምለት ነገሩ አያበቃም?

ሚዛን ጠባቂ

ሻጩ አልዋሸህም፤ የመለሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። 1,800 የሚለው ቁጥር መኪናው ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት እንደሚችልና አካሉ እንደሚሸከም ይነግርሃል። የጎን ነፋስ ሲመታችሁ መኪናው ካራቫኑን ይዞ ይቀጥላል ወይስ ካራቫኑ መኪናውን ይዞት ይሄዳል ለሚለው መልስ የለውም። እሱን የሚወስነው በሁለቱ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ነው።

85 በመቶ የሚባለው ሕግ ሳይሆን ልምድ ያስተማረው ልክ ነው፦ የተጫነው ካራቫን ከመኪናው ባዶ ክብደት 85 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፣ በተለይ ለጀማሪ። ያንተ 1,620 × 0.85 = 1,377 ኪሎ ይሆናል። ካራቫኑ ሙሉ ጭነቱን ከያዘ 1,450 ÷ 1,620፣ ወደ 90 በመቶ ነው። አይጎተትም አልልም፤ ስህተትን ግን አይምርም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ 270 ኪሎ መጫን ስለተፈቀደልህ ብቻ አትጫነው። 195 ላይ ካቆምክ 1,375 ትሆናለህ። ውኃ 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው፤ ታንከሩን ባዶ አድርገህ ብትነዳ ብቻ ግማሽ መንገድ ሄደሃል።

አንድ ላይ ያለው ክብደት 2,130 + 1,450 = 3,580 ስለሆነ ከ3,700 በታች ነው፤ እዚያ ላይ አትጨነቅ። ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ግን ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል።

ጭራ ቆልፍ

ከጠቅላላ ክብደቱ ይልቅ አቀማመጡ ያሳስበኛል። የጋንቾ ጫና ለዚህ ዓይነት ካራቫን ከተጫነው ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይሁን ይባላል። የ1,375 ስድስት በመቶ 82.5 ነው፤ መኪናህ 80 ብቻ ስለሚፈቅድ ከ75 እስከ 80 አድርገው። (የጋንቾው አሞሌና የካራቫኑ መያዣም የራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ከሁሉም ትንሹ ነው የሚገዛህ።)

አሁን ብስክሌቶቹን አስላ። ከነመስቀያቸው 40 ኪሎ ቢሆኑና ከአክስሉ 3 ሜትር ወደ ኋላ ቢሰቀሉ፦ 40 × 3 ÷ 4 = 30 ኪሎ ከጋንቾው ላይ ይነሳል። 78 የነበረው 48 ሆነ ማለት ነው፤ 3.5 በመቶም አይሞላም። ካራቫኑ ጭራውን መቁላት የሚጀምረው እዚህ ነው።

«ታዲያ ከፊት የጋዝ ሲሊንደርና ባትሪ ጨምሬ አካክሰዋለሁ» የሚል አይጠፋም። ሚዛኑ ላይ ቁጥሩ ይስተካከልልሃል፣ መንገዱ ላይ ግን ባሰብህ። ክብደት በሁለቱ ጫፍ ሲንጠለጠል፣ በትከሻ ላይ ያለ ዱላ ሁለት እንስራ እንደተሸከመ ነው፦ አንዴ መዞር ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ከባዱን ዕቃ ሁሉ ወለሉ ላይ፣ ከአክስሉ በላይ ወይም ትንሽ ወደ ፊት አድርገው። ላይኛው ቁም ሣጥን ለልብስና ለብርድ ልብስ ነው። ብስክሌቶቹ መኪናው ጣሪያ ላይ ይውጡ፤ የጣሪያውን የክብደት ገደብ አይተህ።

ባለ አንድ አክስል (ጠያቂ)

ገባኝ። የጋንቾ ጫናውን ቤት ውስጥ ሰው በሚመዘንበት ሚዛን መለካት ይቻላል? ሌላ ቦታ ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይላል።

ሚዛን ጠባቂ

10–15 የሰሜን አሜሪካ ቁጥር ነው፤ እዚያ ጋንቾዎቹና መኪኖቹ ለዚያ ተብለው ይሠራሉ፣ ክብደትን ወደ ፊት ጎማ የሚመልስ አሞሌም ይገጥማሉ። 80 ኪሎ ለሚፈቅድ መኪና ያንን አትሞክረው፤ የኋላው ይሰምጣል፣ የፊት ጎማው ይቀልላል፣ መሪውም ፍሬኑም ይዝላል።

በሚዛን መለካት ይቻላል። ካራቫኑ ለጉዞ እንደሚሆነው ተጭኖ ሜዳ ቦታ ላይ ይቁም፣ ጎማዎቹ ሥር ማገጃ አድርግ። ሚዛኑ ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ በቁመቱ የተቆረጠ ጠንካራ እንጨት አቁመህ ኳሱን የሚይዘውን ጭንቅላት እንጨቱ ላይ አሳርፈው፤ ከዚያ የፊቷን ትንሽ ጎማ ወደ ላይ አንሣ። የእንጨቱና የጣውላው ክብደት ይቀነስ። ቁመቱ መኪናው ላይ ሲታሰር ከሚሆነው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከፍና ዝቅ ሲል ቁጥሩ ይለወጣል። ትንሿን ጎማ ሚዛን ላይ አቁሞ መለካት ግን ስህተት ነው፦ ለአክስሉ ስለምትቀርብ ከእውነቱ በላይ ታሳይሃለች።

ጭራ ቆልፍ

ስለ ማረጋጊያው ያልተመለሰ ቀርቷል። ኳሱን እንደ ፍሬን ሸራ ባለ የሰበቃ ሸራ ጨብጦ የሚይዘው ዓይነት መወዛወዝን ያለዝባል፣ መጥፎ ጭነትን ግን አያስተካክልም። እንዲያውም ምልክቱን ስለሚደብቅብህ ችግሩን በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ታውቀዋለህ። መጀመሪያ ያለ እሱ ልክ ሁን፣ ቀጥሎ ግጠመው። ለዚህ ዓይነት ኳሱ ፍጹም ደረቅ ይሁን፤ ቅባት ከነካው ሰበቃው አይሠራም። አዲስ ኳስ ላይ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አንሣው። 50 ሚሊ ሜትር የነበረው ኳስ ተበልቶ 49 ከደረሰ ይቀየር።

ፍጥነት፦ ከ80 ወደ 100 ስትወጣ የነፋሱ ግፊት በ56 በመቶ ያድጋል፣ ውዝዋዜው በራሱ የመክሰም አቅሙ ደግሞ ይቀንሳል። ቁልቁለት ላይ ይብሳል። ከጀመረ እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሣ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ውዝዋዜውን በመሪ አትከተለው። ፍሬን አጥብቀህ ከረገጥክ ካራቫኑ ከኋላ ይገፋሃል፤ ነዳጅ ሰጥቶ «ማቃናት» የሚባለውም ከዕድል ጋር መጫወት ነው።

ጎሚስታው

ጎማውን ማንም አላነሳውም! ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ ይለመጣል፣ መወዛወዙም ከዚያ ይጀምራል። የካራቫኑን አምራቹ ባለው ልክ፣ የመኪናውን የኋላ ጎማ ደግሞ ለሙሉ ጭነት በተጻፈው ልክ ሙላ፤ ሳይነዳ፣ ቀዝቅዞ እያለ። የካራቫን ጎማ በብዛት የሚሞተው በመንዳት ሳይሆን በመቆም ነው፤ ጥርሱ አዲስ ይመስልና ጎኑ ይሰነጠቃል። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ፦ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው (በፈረንጆቹ)። ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ ከዋጋው በፊት ይህን ተመልከት።

የድንገተኛ ፍሬኑን ሽቦም (ካራቫኑ ከመኪናው ቢላቀቅ የራሱን ፍሬን የሚያስይዘውን) ኳሱ አንገት ላይ ጠምጥመህ ብቻ አትተወው፤ ጭንቅላቱ ሲወልቅ ሽቦውም አብሮ ሊሾልክ ይችላል። ጋንቾው ላይ ቀለበት ካለ እዚያ ይታሰር።