የቆየ የነዳጅ ጉድጓድ ያለበትን መሬት ከመግዛታችን በፊት ምን ማረጋገጥ ይገባናል?

ጥያቄ፦ ከዳላስ

ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ ከዳላስ በስተደቡብ፣ በኮርሲካና አካባቢ፣ ለልጆች ማስተማሪያና ለበዓላት መሰብሰቢያ የሚሆን ሰፊ መሬት ለመግዛት እየተደራደረ ነው። ቦታውን ልናይ በሄድንበት ጊዜ ቁጥቋጦ መካከል ቁመቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ የዛገ የብረት ቧንቧ ቆሞ አገኘን። ክዳን የለውም፤ በዙሪያው ሣር አልበቀለም፤ ጠጋ ሲሉም የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ አለው። ሻጩ የድሮ ነዳጅ ጉድጓድ መሆኑን ከመንገር በቀር ያቀረቡልን ሰነድ የለም። ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ በግንባታ ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፉ ሰው፣ ኮንክሪት ሞልተን እንድፈነው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። እኔ ግን ልጆች የሚሮጡበት ቦታ ስለሚሆን ልቤ አልረጋልኝም። በዚህ መንገድ መድፈን ይቻላል? ካልተቻለስ ኃላፊነቱ የማን ነው? ወጪውስ?

መልስ 1፦ በምዕራብ ቴክሳስ የጉድጓድ መዝጋት ሥራ ላይ ከነበረ ባለሙያ

ኮንክሪቱን እባካችሁ ተዉት። ከላይ የምታዩት ቧንቧ ወደ ታች በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር ጫማ ወርዶ የሚጠጣ ውሃ ያለበትን፣ ጨዋማ ውሃ ያለበትንና ነዳጅ ወይም ጋዝ ያለበትን የድንጋይ ንብርብር እያቋረጠ የሚያልፍ ነው። ብረቱ ደግሞ በዝገት ተበልቷል። አፉን ብቻ ስትደፍኑት ከታች የሚመጣው ግፊት አይጠፋም፤ በተበላው ብረት በኩል፣ ወይም በብረቱና በድንጋዩ መካከል ባለው ክፍተት ወጥቶ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል፤ ከዚያም አልፎ ልትሠሩት ባሰባችሁት አዳራሽ ወለል ሥር ሊጠራቀም ይችላል። በኋላ በትክክል ሊዘጋው የሚመጣው ቡድንም መጀመሪያ የእናንተን ኮንክሪት ለመብሳት ይገደዳል።

ጉድጓድ የሚዘጋው ከታች ወደ ላይ ነው። ሪግ (ቧንቧ የሚያወጣና የሚያወርድ ማማ ያለው ማሽን) ይተከላል፣ ግፊቱ ይለካል፣ ውስጡ የቀረ ቧንቧና ስብርባሪ ይወጣል። ከዚያም ቀጭን ቧንቧ ወደ ታች ተልኮ ሲሚንቶው በፓምፕ እየተገፋ በተፈለገው ጥልቀት ይቀመጣል። በቴክሳስ ደንብ መሠረት አንዱ የሲሚንቶ ድፋን ቢያንስ 100 ጫማ ርዝመት ሊኖረው ይገባል፤ ለአገልግሎት የሚውለው ውሃ የሚያበቃበትን ጥልቀት የሚጠብቀው ድፋን ደግሞ ከዚያ ጥልቀት 50 ጫማ ወደ ላይ፣ 50 ጫማ ወደ ታች መድረስ አለበት። በድፋኖቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ በጋሎን ቢያንስ 9.5 ፓውንድ በሚመዝን የቁፋሮ ጭቃ ይሞላል። ከብረቱ ጀርባ ሲሚንቶ ከሌለ ብረቱ ተበስቶ ሲሚንቶው በግፊት ወደ ውጭ እንዲያልፍ ይደረጋል። በመጨረሻ ከላይ 10 ጫማ ሲሚንቶ ይደረግና ቧንቧው ከመሬት በታች በ3 ጫማ ላይ ይቆረጣል።

ከዚህ ሁሉ እኔ አጥብቄ የምከታተለው ድፋኑ የሚፈተሽበትን ሰዓት ነበር። ሲሚንቶው እስኪጠነክር ከተጠበቀ በኋላ ቀጭኑ ቧንቧ በዝግታ ተመልሶ ይወርዳል፤ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ የክብደት መለኪያው ቀስት ዝቅ ይላል፣ ጥልቀቱም ይመዘገባል። ቧንቧው ከታሰበው በታች ከሄደ ሲሚንቶው ወደ ስንጥቅ ፈስሶ ጠፍቷል ማለት ነው፤ እንደገና መሞላት አለበት። ይህ ፍተሻ የተዘለለበትን ጉድጓድ ተዘግቷል ብሎ መመዝገብ በውሃው ለሚጠቀሙት ሁሉ አደጋ ማስቀመጥ ነው።

ስለ ሽታው አንድ ነገር ልጨምር። የተበላሸ እንቁላል ሽታ የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ምልክት ነው። ይህ ጋዝ መጠኑ ከፍ ሲል ማሽተትን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ሽታው ስለ ጠፋ አደጋው አልፏል ማለት አይደለም። ወደ ቧንቧው ማንም አይቅረብ፤ እሳትም አይቀጣጠል።

መልስ 2፦ ከሂውስተን፣ የመሬት ሰነድ ምርመራ ላይ የምትሠራ

በቴክሳስ የነዳጅ ጉድጓድን የሚቆጣጠረው፣ ስሙ የባቡር ቢሆንም፣ ሬይልሮድ ኮሚሽን ነው። በድረ ገጹ ላይ ለሁሉም ክፍት የሆነ ካርታ ስላለ ጉድጓዱን ፈልጋችሁ መለያ ቁጥሩንና የመጨረሻውን ኦፕሬተር (ጉድጓዱን ያሠራ የነበረውን ድርጅት ወይም ሰው) ስም አውጡ። ኦፕሬተሩ ዛሬም በሥራ ላይ ካለ የመዝጋቱ ግዴታ የእሱ ነው፤ የመሬቱን ገጽ መግዛታችሁ ብቻውን ግዴታውን ወደ እናንተ አያዛውርም። ኦፕሬተሩ ከጠፋ ወይም ከከሰረ ጉድጓዱ ባለቤት አልባ ተብሎ በስቴቱ ወጪ የሚዘጋበት ፕሮግራም አለ፤ ለዚሁ ሥራ በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ የፌዴራል መንግሥትም ለመላው አገሪቱ 4.7 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። ቅደም ተከተሉ በአደጋው መጠን ስለሚወሰን ጋዝ እንደሚያወጣ በግልጽ ማመልከት ይጠቅማችኋል።

አደራ የምለው ግን አንድ ነገር አለ። ጉድጓዱን ለውሃ እንድትጠቀሙበት ተረከቡት የሚል ሰነድ ቢቀርብላችሁ ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርሙ፤ ከፈረማችሁ ኃላፊነቱ ከኦፕሬተሩ ወደ እናንተ ያልፋል። በፔኮስ ካውንቲ ሌክ ቦህመር የሚባለው ጨዋማ ኩሬ የተፈጠረው ነዳጅ ተብሎ ተቆፍሮ በኋላ ወደ ውሃ ጉድጓድነት ከተዛወረ ጉድጓድ ነው፤ ኮሚሽኑም ጉዳዩ የነዳጅ ጉድጓድ ስላልሆነ አይመለከተኝም በማለቱ ውሃው ዓመታት ሙሉ ሲፈስ ኖሯል።

ወጪን በተመለከተ፣ በ2021 የታተመ የአሜሪካ ጥናት መካከለኛውን ዋጋ ለመዝጋት ብቻ 20,000 ዶላር ገደማ፣ መሬቱን ወደ ነበረበት ከመመለስ ጋር ደግሞ 76,000 ዶላር ገደማ አድርጎታል። ጥልቀቱ ሲጨምር ዋጋውም ይጨምራል።

ከጠያቂው፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካርታውን ስናይ ተዘግቷል የሚል ምልክት አገኘን፤ ነገር ግን ምልክቱ ያረፈው ቧንቧው ካለበት ራቅ ብሎ ነው። ይህ እንዴት ይታያል?

መልስ 1 (በድጋሚ)፦

ሁለት ጉድጓዶች ሊሆኑ ይችላሉ። በኮርሲካና ነዳጅ የተገኘው በ1894 ከተማዋ ውሃ ስታስቆፍር ነው፤ ኮሚሽኑ በነዳጅ ላይ ሥልጣን ያገኘው ደግሞ በ1919 ነው። በመካከሉ የተቆፈረው ሁሉ በመዝገብ ላይ ይገኛል ብላችሁ አትጠብቁ፤ በመዝገብ ያለውም ቦታው በትክክል ላይመለከት ይችላል። ስለዚህ መሬቱን በማግኔቶሜትር ለሚያስስ ባለሙያ ስጡት፤ መሣሪያው ከመሬት ሥር የተቀበረ ብረት ያሳያል፣ ሌላ ያልታየ ጉድጓድም ካለ ይገለጣል። ለኮሚሽኑ የአካባቢ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ተቆጣጣሪ እንዲመጣና እንዲያይላችሁ ጠይቁ፤ የመዝጊያውን መዝገብም አስወጥታችሁ በየትኛው ጥልቀት ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደገባ እዩ። የግዢ ውሉ የዚህን ውጤት እንዲጠብቅ አድርጉ። ጉድጓዱ በደንቡ መሠረት ከተዘጋ በኋላም ቢሆን በላዩ ላይ ሕንፃ አትሥሩ፤ ሪግ ተመልሶ ሊደርስበት የሚችል ክፍት ቦታና መንገድ ተዉለት።