የመጠይቄን የልኬት አድልዎ እንዴት ልለየው?

በጅማ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ላይ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናት እየሠራሁ ሳለ መውጫ ያጣሁለት ችግር ስለገጠመኝ፣ የዘርፉን ባለሙያዎች እርዳታ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሥራ እርካታንና ለድርጅቱ ያለን ታማኝነት የለካሁት ከ1 እስከ 5 በሚደርስ የሊከርት መለኪያ (መላሹ የመስማማቱን መጠን በቁጥር የሚመርጥበት) ሲሆን፣ ሁለቱንም የመለሰው ያው ሠራተኛ፣ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ቀን ነው። በሁለቱ መካከል የታየው ዝምድና እጅግ ጠንካራ ቢሆንም፣ እውነተኛ ግንኙነት ይሁን የመለኪያው ዘዴ የፈጠረው መለየት አልቻልኩም። የሀርማን የአንድ ፋክተር ፈተና (የመልሶቹን ልዩነት በአብዛኛው አንድ የጋራ ምንጭ ብቻ ያብራራው እንደሆነ የሚፈትሽ ስሌት) ችግር የለም ቢለኝም፣ አድልዎን የማጋለጥ አቅሙ ደካማ ስለሆነ አላረካኝም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካምቤልና ፊስክ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳሳሰቡት ከአንድ በላይ በሆነ ዘዴ መለካት ነበረብኝ።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ወረቀቱን የሰበሰቡልኝ የክፍል ኃላፊዎች መሆናቸው ነው። ሠራተኛው ስሙን ባይጽፍም፣ መልሱን ለአለቃው እንደሚያስረክብ እያወቀ «በሥራዬ ደስተኛ ነኝ» ከሚለው ፊት ዝቅተኛ ቁጥር ያከብባል ማለት ይከብደኛል፤ ይህንን አስቀድሜ አለማሰቤ የእኔ ጥፋት ነው። በዚያ ላይ ከፊሉ በአማርኛ፣ ከፊሉ በአፋን ኦሮሞ ስለሞላ፣ ጥያቄዎቹ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነገር መለካታቸውን አላረጋገጥኩም።

ባለኝ መረጃ ላይ ስውር የዘዴ ፋክተር (የመለኪያው ዘዴ በመልሶቹ ሁሉ ላይ ያሳደረውን የጋራ ተጽዕኖ የሚወክል፣ በቀጥታ ያልተለካ ተለዋዋጭ) ጨምሬ ብተነትን ይበቃል? ወይስ በታሸገ ፖስታ፣ እርካታንና ታማኝነትን በሳምንታት ልዩነት እየጠየቅሁ እንደ አዲስ ልሰብስብ? ለሁለቱ ቋንቋዎች ንጽጽርስ ከየትኛው ፈተና ልጀምር?