ካሮቴን ሳልሰብር እንዴት ልንቀለው?

ከ4 ቀን በኋላ በጓሮ አትክልት ውድድር ላይ ልቀርብ ነው፤ ለእኔ የመጀመሪያዬ ነው። ቲማቲሙ ብዙም አላሳሰበኝም፤ አረንጓዴ ቆባቸው ያልረገፈ፣ መጠናቸው የተቀራረበ 5 ፍሬዎች አሉኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ካሮቱ ነው።

ትናንት ለሙከራ ሦስት ነቀልሁ። የአንዱ ጫፍ ተሰብሮ መሬት ውስጥ ቀረ። ሁለተኛው እንደ ሱሪ ለሁለት ተከፍሏል፤ መደቡን ሳዘጋጅ ጠጠሩን በደንብ ስላልለቀምሁ ጥፋቱ የራሴ ነው። ሦስተኛው ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ዓይን የሚስብ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ በብሩሽ ፈትጌ አበላሸሁት። ማታ ብዙም የማይታየው ጭረት ጠዋት ደርቆና ጠቁሮ አገኘሁት። አናቱም ፀሐይ ስላገኘው አረንጓዴ ሆኗል፤ ለቀሩት አፈር አልብሻለሁ፣ ግን ሳልዘገይ አልቀርም።

ዳኞች ከግዝፈት ይልቅ መመሳሰልን ስለሚመለከቱ አንድ ዓይነት የሆኑ ካሮቶች ያስፈልጉኛል፤ እንደ ልብ የምሰብረው ትርፍ የለኝም። ዋዜማውን መደቡን ውኃ ማጠጣት ይበቃል ወይስ ዙሪያውን በመቆፈሪያ ላላላው? ለማጠብስ እርጥብ ጨርቅ ይሻላል? ቅጠሉን 7 ሴንቲሜትር ያህል አስቀርቼ ለመቁረጥ አስቤአለሁ። አንድ ቀን ቀድሜ ነቅዬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ባሳድረው ይጠወልጋል ወይስ በዕለቱ ጎህ ሲቀድ ልንቀለው?

ሽንኩርቱንም የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ስንት ልጣጭ ማንሳት ይፈቀዳል? አንድ ብቻ ብዬ የጀመርሁት ሽንኩርት ነጭ ሥጋው እስኪታይ ድረስ ተልጦ አሁን ወጥ ቤት ተቀምጧል።