ከድሬ ሐረር ለሚመላለስ ሰው የትኛው የእጅ ፔርሙዝ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሳቢያን ሰፈር

ሰላም ለቤቱ። በሥራ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከድሬ በሚኒባስ ወደ ሐረር እወጣለሁ። ትኩስ ነገር ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ፤ አንዳንዴ የጀበና ቡና፣ አንዳንዴ ሻይ በወተት፣ ቤት ከተፈላ ደግሞ ሆጃ (ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላው)። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ሙቀቱን ከያዘልኝ ይበቃኛል። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ገብቼ ሳይ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ “24 ሰዓት ሙቅ” ያልተጻፈበት የለም። ክዳኑ ላይ ዲግሪ የሚያሳይ መብራት ያለው አለ፣ ውስጡ ነጭ ሴራሚክ የተቀባ አለ፣ በአዝራር የሚከፈት አለ፣ ስትሮ ያለው አለ። ቦርሳዬ ውስጥ ላፕቶፕ ስላለ ጠብታ እንኳ መፍሰስ የለበትም። ምን አይቼ ልግዛ? ሱቅ ውስጥ እያለሁስ እንዴት ልፈትነው?

መልስ፦ ከዚራ በኩል

አቦ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ተወው። እንዲህ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ዕቃውን ሞልተው፣ 95 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ጨምረው፣ 20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ አንዴም ሳይከፍቱት ነው። አንተ ደግሞ በየመሃሉ ከፍተህ ትጎነጫለህ፤ ግማሽ የደረሰ ፔርሙዝ ከሙሉው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ይቀዘቅዛል። “ከ6 ሰዓት በኋላ ይህን ያህል ዲግሪ ይቀራል” ብሎ በቁጥር የጻፈ ካገኘህ፣ “24 ሰዓት” ብቻ ካለው ይልቅ እሱን እመን።

ሙቀት የሚይዘው በሁለቱ ግድግዳ መካከል ያለው፣ አየር የወጣለት ክፍተት ነው። ቫኪዩም የሚሉት እሱን ነው። ሁለት ግድግዳ ኖሮት አየሩ ያልወጣለትም ይሸጣል፤ ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። ስለዚህ ባለሱቁን አስፈቅደህ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት የፈላ ውሃ አስመጣ። ሙላው፣ ክደነው፣ 10 ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ ሆዱን እና ታችኛውን ክብ ዳስስ። እንደ ክፍሉ አየር ቀዝቃዛ ከሆነ ቫኪዩሙ አለ። ሞቅ ካለህ መልሰው፤ እንዲህ ያለው ሻይህን አንድ ሰዓት አካባቢ ቢያቆይ ነው። ከአፉ በታች ሁለት ጣት ያህል መሞቁ ግን ጥፋት አይደለም፤ የውስጡና የውጭው ብረት የተበየደው እዚያ ስለሆነ ሙቀት በዚያ ያልፋል።

ውሃው ሳይደፋ ሁለተኛውን ፈተና ጨርስ። ክዳኑን ቆልፍ፣ ገልብጠህ ሶፍት ላይ ያዘው፣ አሥር ጊዜ ያህል በኃይል ናጠው። በቀዝቃዛ ውሃ አትፈትን፤ ቀዝቃዛ ውሃ የማያፈስ ክዳን ትኩስ ሲገባበት እንፋሎቱ ገፍቶ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ሶፍቱ ከረጠበ አትግዛ።

መጠኑን በተመለከተ ከ350 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይበቃሃል፤ በቡና ሲኒ አምስት ያህል ነው። ግማሹን ብቻ የምትሞላው ግማሽ ሊትር ከምትይዝ ሙሉ የሆነ ትንሽ ያዝ። የታችኛው ስፋቱ ከ7 ሴንቲ ካልበለጠ ቦርሳው ጎን ኪስ ውስጥ ይገባል።

መልስ፦ የጁገል ልጅ

ከላይ የተጻፈው ልክ ነው፤ ሆጃ ያልከው ግን ሌላ ጉዳይ ያመጣል። ሆጃ ወተትም ጨውም አለበት። ቁጢም (የቡና ቅጠል ሻይ) ቢሆን በጨው የሚጠጣው ብዙ ነው። ጨው የአይዝጌ ብረት ጠላት ነው፤ ክሎራይዱ ብረቱን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን እየበሳ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቡናማ ነጥቦች ያወጣበታል። አንዴ ከተበሳ መመለሻ የለውም።

ስለዚህ የብረቱን ቁጥር ፈልግ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ታች ላይ ወይም ከሥሩ ተቀርጾ ይገኛል። 304 ወይም 18/8 ካለ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ኒኬል ማለት ነው፤ ለቡናና ለሻይ ደህና ነው። 316 ከሆነ ሞሊብዲነም ስላለበት ጨውን የበለጠ ይችላል፤ ሆጃ የምታዘወትር ከሆነ ተጨማሪው ብር አይቆጭህም። 201 የሚባለው ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የበዛበት ርካሽ ዓይነት ነው። ከውጭ በኩል 201 ቢሆን ግድ የለም፤ ከውስጥ ግን አይሁን።

አንዳንድ ሻጭ ማግኔት አስጠግቶ “አየህ፣ አይስብም፣ ኦሪጅናል ነው” ይላል። ይህ ማስረጃ አይሆንም። 201ም ማግኔት አይስብም፤ 304 ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ የታጠፈበት ቦታ ላይ ትንሽ ሊስብ ይችላል።

ሆጃ የያዝክበትን ዕቃ ሐረር እንደደረስክ አጋምሰህ ለማታ አታስቀምጥ። ጠጥተህ ጨርስና ወዲያው በውሃ አለቅልቀው፤ ሳሙናው ቤት ይደርሳል። ሴራሚክ የተቀባውን ያነሳኸው ለዚህ ከሆነ፣ ጥሩ ተቀብቶ ከሆነ ጨውም የቡና ጣዕምም አይነካውም። ግን ማንኪያ ወይም ሽቦ ከነካው ይላጣል፤ የተላጠበት ቦታ ደግሞ ጨውና ቆሻሻ ይይዛል። በጣትህ ዳስሰው፤ አሸዋ አሸዋ ካለህ ወይም የቀለም ሽታ ካለው ተወው።

መልስ፦ ደንገጎ ላይ

ላፕቶፕ ላለው ሰው ከሁሉም በላይ ክዳኑ ነው የሚያሳስበው። ከላይ በጣት የሚንሸራተት ጠፍጣፋ ክዳን መኪና ውስጥ ረጭ እንዳይል ብቻ የተሠራ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ አይገባም። ስትሮውም ለትኩስ ነገር አይሆንም፤ ፈሳሹን ከታች ስቦ ሳይቀዘቅዝ ጉሮሮ ላይ ያደርሰዋል።

የሚቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ በአዝራር ተከፍቶ ከአፉ የሚጠጣው ነው። በአንድ እጅ ይከፈታል፤ ግን መቆለፊያ ቀለበት ወይም ምላስ ከሌለው አትግዛው፤ ቦርሳ ውስጥ ቻርጀር ተጭኖ ሊከፍተው ይችላል። ሁለተኛው ክዳኑ ሙሉ ለሙሉ የሚጠመዘዝ፣ ላዩ ላይ ኩባያ የሚደፋበት የድሮው ዓይነት ነው። ለእኔ ይሄኛው ይሻላል። ስፕሪንግ የለው፣ ማጠፊያ የለው፣ የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው። ሚኒባስ ውስጥ መቅዳት አይመችም ከተባለ አዎ፣ አይመችም፤ ግን ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ትኩስ ነገር አለመጠጣቱ ራሱ ይሻላል።

የእኛን መንገድ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎን ወጥተህ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር አካባቢ ነህ። የውጭው አየር ግፊት ወደ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ፔርሙዙ ውስጥ የታሸገው አየር ግን የድሬው ነው፣ ላዩ ላይ መንገዱ የናጠው እንፋሎት አለ። አዝራሩን ቶሎ ስትጫነው ቡናው ተስፈንጥሮ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ስትሞላ ከክዳኑ በታች ሁለት ሴንቲ ሜትር ባዶ ተው። ስትከፍት ቀጥ አድርገህ ያዘው፣ አፉን ከፊትህና ከጎረቤትህ አዙር፣ መጀመሪያ ክዳኑን ሩብ ዙር አላልተህ አስተንፍሰው፣ ከዚያ አዝራሩን ተጫን። ማታ ስትወርድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከውጭ ይጫነዋል፣ ክዳኑ አልከፈት ይላል። በጥርስና በቢላ አትታገለው፤ አንገቱን ለደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ሳቢያን ሰፈር

እግዜር ይስጥልኝ። ባለ ዲግሪውን ክዳን ማንም አላነሳውም። ሻይ በወተቱስ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?

መልስ፦ ከዚራ በኩል

ባለ ዲግሪው ክዳን ውስጥ ባትሪ አለ። ብዙዎቹ ላይ ባትሪው ሲያልቅ አይቀየርም፣ ክዳኑም ውሃ ውስጥ ተነክሮ አይታጠብም። ለወተት ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው፤ አትግዛው።

መልስ፦ እመ ሐናን

ስለ ወተቱ እኔ ልመልስልህ ልጄ። ወተት ያለበት ማንኛውም ነገር ከ60 ዲግሪ በላይ እስካለ ድረስ አይበላሽም። ከዚያ ሲወርድ ተህዋስያን መራባት ይጀምራሉ፤ ለብ ያለ ፔርሙዝ ደግሞ በጣም ይመቻቸዋል። ወተቱ ፈልቷል ብለህ አትታለል፤ የአንዳንዶቹ ዘር ፍላትን ይቋቋማል። ጠዋት 12 ሰዓት የሞላኸው ደህና ቫኪዩም ያለው ዕቃ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ከ60 በላይ ሊቆይልህ ይችላል፤ ከ4 ሰዓት ግን አታሳልፈው። ከንፈርህ ላይ ለብ ካለ ደፋው፤ ምሳ ሰዓት ድረስ አታቆየው። ስኳር መብዛቱም አያድነውም።

ቤት ውስጥ የምታደርገው ይህ ነው። ሻይውን ከማጥለልህ በፊት የፈላ ውሃ ፔርሙዙ ውስጥ ሞልተህ 5 ደቂቃ ክደነው፤ ክዳኑም አብሮ ይሙቅ። ቀዝቃዛው ብረት ብቻውን ከሻይህ ሦስት አራት ዲግሪ ይበላል። ውሃውን ደፍተህ ወዲያው ሻይውን ቅዳ። ወተቱን ለየብቻ ቀዝቃዛውን አትጨምር፤ ከሻይው ጋር አንድ ላይ ይፍላ። የሻይ ቅጠሉንና ቅመሙን አጥልለህ አስቀር፤ ቅጠሉ ውስጥ ከቆየ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይመርራል፣ ቅርንፉዱም ከሻይው ይበልጣል። የጀበናውም ቡና እንደዚሁ ነው። ጀበናውን ዘንበል አድርገህ አስቀምጠው፣ አተላው ይስከን፣ በቀስታ ቅዳ፣ የመጨረሻውን ሲኒ ያህል ጀበናው ውስጥ ተው። አተላ የገባበት ቡና መንገድ ሙሉ እየተናጠ ጣዕሙ ይጎመዝዛል።

ደግሞ ትኩስ ነው ብለህ ወዲያው አትጎንጭ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥን የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚላቸው ነገሮች ጋር መድቦታል። ጥሩ ፔርሙዝ ሻይውን ከዚያ በላይ ለብዙ ሰዓት ይይዘዋል። የኩባያ ክዳን ያለውን የመከሩህ ልክ ናቸው፤ ኩባያው ላይ ቀድተህ አምስት ደቂቃ አቆየው።

መልስ፦ ቀፊራ በር

አጠባቡን ልጨምር፤ ጥሩ ዕቃም የሚበላሸው እዚያ ነው። በየቀኑ ላርጎ በለብ ያለ ውሃና የጡጦ ብሩሽ ይበቃል። ሽቦ አይነካው፣ በረኪና ከቶ አይግባበት፤ በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ከጨው የከፋ ነው።

ውስጡ በቡናና በሻይ ከጠቆረ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረህ በፈላ ውሃ ሙላው፣ ክዳኑን ሳትገጥም አሳድረው፣ ጠዋት ቦርሸው። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፤ ስትገዛ ተጠንቀቅ። የድሬ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ማንቆርቆሪያ ላይ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት ፔርሙዙም ውስጥ ይይዛል። ለእሱ ሶዳ አይሠራም፤ ሩብ ብርጭቆ አቼቶ ከሙቅ ውሃ ጋር ጨምረህ ግማሽ ሰዓት ተው። የሎሚ ጭማቂም ይሆናል። ሶዳና አቼቶን አንድ ላይ አድርገህ ግን እንዳትከድን፤ ጋዝ ፈጥሮ ክዳኑን ይፈነቅለዋል።

ሽታ የሚይዘው ብረቱ ሳይሆን ጎሚኒው ነው። ክዳኑ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አለ፤ ትልቁ አንገቱ ላይ፣ ትንሹ የሚጠጣበት ቀዳዳ ሥር። ቢያንስ በሳምንት አንዴ ሁለቱንም በማንኪያ እጀታ አውጣቸው፤ በቢላ ከሆነ ትቆርጣቸዋለህ። ሥራቸው የወተት ዝቃጭ ታገኛለህ፤ ያ ነው የሚሸተው። ጎሚኒው ሲሊኮን ከሆነ 5 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ብታፈላው አይጎዳም፤ የፕላስቲኩን ክዳን ግን አታፍላ፣ ከተጣመመ መግጠም ያቆማል። ሁሉንም ለየብቻ አድርቀህ፣ ክዳኑን ሳትዘጋ አሳድር።

ጥያቄ፦ ሳቢያን ሰፈር

ጎሚኒው ቢላላስ ይገኛል? ወይስ ዕቃው በቃ ተጣለ?

መልስ፦ ቀፊራ በር

ስትገዛ ካርቶኑ ውስጥ መለዋወጫ ጎሚኒ ያለበትን ምረጥ፤ አንዳንዱ አለው። ከሌለ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ በዓይን ግምት አትግዛ። የውጭ ስፋቱም ውፍረቱም አንድ መሆን አለበት፤ አንድ ሚሊ ከቀጠነ ያፈሳል፣ አንድ ሚሊ ከወፈረ ክዳኑ እስከ መጨረሻው አይዞርም። ሞቅ ሲል የጎማ ሽታ ያለው ከሆነ ሲሊኮን አይደለም፤ ለትኩስ ወተት አትጠቀምበት። ስትገጥመው የጠፍጣፋው ወይም የከንፈሩ አቅጣጫ እንደ ድሮው ይሁን፤ ተገልብጦ የገባ አዲስ ጎሚኒ ከአሮጌው ብሶ ያንጠባጥባል። ከገጠምክ በኋላ ያንኑ የሶፍት ፈተና በፈላ ውሃ ድገመው፤ ከዚያ ቦርሳ ውስጥ አስገባው።