ምስክር ከመጋረጃ ጀርባ ይናገር ወይስ ፊት ለፊት?

ከፒያሳ፦ ሰላም ጎንደሬዎች! ትናንት ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው። በከባድ ወንጀል ክስ የምስክር ስም ይደበቅ? እኔ ይደበቅ ባይ ነኝ። የእኛን አገር የደም ነገር ታውቁታላችሁ። ዛሬ የመሰከረ ሰው ቅዳሜ ገበያ ላይ ከተከሳሹ ወንድም ጋር ይገናኛል። ሰው በጠራራ ፀሐይ ተገድሎ ሁሉም "አላየሁም" የሚለው ለዚህ ነው። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም ፈቅዷል።

ከማራኪ፦ ወንድሜ፣ ፍርሃቱ እውነት ነው። አዋጁ ግን ለሁሉም ክስ አልፈቀደም። ወንጀሉ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ደግሞስ ተከሳሽ ብሆን፣ የምስክሩን ማንነት ካላወቅሁ ምን ብዬ ልጠይቀው? መስቀለኛ ጥያቄ "የት ቆመህ አየኸኝ?" ብቻ አይደለም። "በድንበር አልተካሰስንም ወይ? እህትህን ፈትቼ አልተቀያየምንም?" ማለትም ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ምስክርን የመጠየቅ መብት የሰጠው ለዚህ ነው።

እንግሊዝ አገር ዴቪስ የሚባል ሰው ሁለት ሰው ገድለሃል ተብሎ ተፈረደበት። ለይተው የጠቆሙት ምስክሮች በሐሰት ስም፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ድምፃቸው ተቀይሮ ነው የመሰከሩት። እሱ "የቀድሞ ፍቅረኛዬ ናት ያስነሳችብኝ" ይላል። ጠበቃው ግን ማንነታቸውን ሳያውቅ ይህን እንዴት ያጣራ? በ2008 እ.ኤ.አ. ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ፍርዱን ሻረው። ፓርላማው ወዲያው በዳኛ ትእዛዝ ስም መደበቅን የሚፈቅድ ሕግ አወጣ።

ከአዘዞ፦ ልጆቼ፣ ነገሩ አዲስ አይደለም። ድሮ በአውጫጭኝ አገሬው ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ቤቱ አይሄድም። በአደባባይ መናገር የፈራ "ወፍ ነገረችኝ" ይላል። ያቺ ወፍ ስንቱን ሌባ አውጥታለች። ቂም የቋጠረም ወፍ አይጠፋም ነበር።

ከማራኪ፦ እማማ፣ እኔም የምፈራው ያቺን ባለ ቂም ወፍ ነው። ሕዝቡ ምስክሩን አይየው፣ ይሁን። ዳኛውና ተከላካይ ጠበቃው ግን ማን እንደሆነ ይወቁ። በእሱ ቃል ብቻም ማንም አይታሰር። ጥበቃ ደግሞ መጋረጃ ብቻ አይደለም፤ አዋጁ እኮ የመኖሪያ ቦታ መቀየርንም ይዟል።

ከፒያሳ፦ ጠበቃው ይወቅ ባልሽው እስማማለሁ፣ ለደንበኛው ላይናገር ከማለ። ቦታ መቀየሩ ግን ለገበሬ እንዴት ይሆናል? በሬውን፣ ማሳውን፣ የአባቱን መቃብር ጥሎ የት ይሂድ?