ባዶ ግቢ ውስጥ ለምን አጠገቤ ታቆማላችሁ?

ባለ ቪትዟ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የጎንደር ሾፌሮች ሁሉ እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር አከራክሩኝ። እሁድ ጠዋት ለቅዳሴ ስሄድ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ መኪናዬን አቆምኩ። የማን ግቢ እንደሆነ ይቅር። በግራም በቀኝም አጥር አለው፣ መሬቱ አፈር ነው፣ ሲሞላ 40 መኪና ይይዛል። በዚያ ሰዓት ከእኔ በቀር ማንም የለም። አፍንጫዋን ወደ አጥሩ አድርጌ መሀል ላይ አቆምኳትና ሄድኩ።

3 ሰዓት ላይ ስመለስ ግቢው እንዳለ ባዶ ነው። አንድ መኪና ብቻ ተጨምሯል፤ ነጭ ኮሮላ። እሱም የእኔን የሾፌር በር ተለጥፎ ቆሟል! በስፖኪዮና በስፖኪዮ መሀል ያለውን ለካሁት፣ አራት ጣት። በሩን ብከፍት ክንዴ እንኳ አያልፍም። እንግዲህ ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ ነጠላ ተከናንቤ፣ በጋቢና በኩል ገባሁ። አንዱ እግሬ እጅ ፍሬኑን ተሻግሯል፣ ሌላው ገና ውጪ ነው፣ ጉልበቴ መሪው ሥር ተቀርቅሯል። ወንበሩ ላይ ዘፍ ስል የቀሚሴ ጥለት በማርሹ ተይዞ ቀረ። የእናቴ ስጦታ ነው፣ ሸማኔው እንኳ አሁን የለም።

38 ቦታ ትቶ ለምን? እኔ የምለው ይኼ ድንቁርና ነው። ምክንያት አለው የሚል ካለ ይምጣ።

ዶልፊን፦
ብርድ ነው እህቴ። የጎንደር ጠዋት አይቻልም፣ ተጠግቶ ሊሞቅ ነው። ኪኪኪ

የማራኪ ተማሪ፦
ቀልዱን ትተን፣ ስለዚህ ነገር ሳይንሱ የሚለው አለ። ሃሚልተን የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ በ1971 እ.ኤ.አ. እንስሳት ለምን በመንጋ እንደሚሰበሰቡ ጽፏል። በእኛ አገር ምሳሌ ላስቀምጠው፦ ጅብ ሲመጣ በጎች የሚተፋፈጉት ለመንጋው ተቆርቁረው አይደለም። እያንዳንዷ በጅቡና በራሷ መሀል ሌላ በግ እንድትገባላት ነው። ሾፌሩም እንደዚሁ ነው። ብቻዋን የቆመች መኪና ስፖኪዮዋ ቢነቀል ማን ያያል? ሁለት ከሆኑ ግን ሌባው ከሁለቱ አንዷን ይመርጣል፣ ዕድልህ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ሰውየው ይህንን ቁጭ ብሎ አላሰበም፣ እግሩ ነው ያሰበለት።

ባለ ቪትዟ፦
እሺ በግ ነኝ። በግም ብሆን በር ያስፈልገኛል።

አያ አይሱዙ፦
ልጄ፣ በግና ኮሮላ ለየቅል ናቸው። እኔ ከጎንደር መተማ፣ ከጎንደር ሁመራ ስመላለስ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ሊማሊሞን ጭነት ይዤ ስወርድ እጄ አይንቀጠቀጥም። ባዶ ሜዳ ላይ መኪና አቁም ብትሉኝ ግን እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ሳቁ! ሊማሊሞ ላይ በአንድ በኩል ገደል በአንድ በኩል ግድግዳ አለ፣ የት እንዳለህ መንገዱ ራሱ ይነግርሃል። ባዶ ሜዳ ምንም አይነግርህም። ቀጥ ብዬ ቆምኩ ብለህ ወርደህ ስታይ መኪናው ተንጋዶ ታገኘዋለህ። አጠገብህ አንድ የቆመ ካለ ግን ስፖኪዮህን ከእሱ ስፖኪዮ ታስተካክላለህ፣ አለቀ። ስለዚህ መስመር ባልተሰመረበት ግቢ ቀድሞ የቆመው መኪና መስመር ይሆናል። እህቴ፣ አንቺ በዚያ ጠዋት መስመር ነበርሽ።

ሌላም አለ። ከተማችን ዳገት ነው። ድልዳል መሬት አግኝተህ ያለ ታኮ የምታቆምበት ስንት ቦታ አለ? ክረምት ላይማ ባሰ። ሐምሌ ጥቁር አፈር ላይ ገብተህ ጎማህ የሰመጠ ቀን፣ የቆመ መኪና ስታይ ምን እንደሚሰማህ ታውቀዋለህ። እሱ ቆሞ ካልሰመጠ እኔም አልሰምጥም ነው። የቆመው መኪና ለመሬቱ ምስክር ነው።

ከሜሪላንድ፦
አያ፣ ያሉት ለጎንደር ይሠራ ይሆናል። እኔ ያለሁበት አገር ግን የገበያው ማቆሚያ በሙሉ በቀለም የተሰመረ ነው፣ አስፋልት ነው፣ አይሰምጥም፣ ዳገትም የለው። አዲስ መኪና የገዛሁ ሰሞን ሰው በር እንዳይከፍትበት፣ የዕቃ ጋሪም እንዳይገጨው ብዬ ከመግቢያው ርቄ መጨረሻው ጥግ ላይ ነበር የማቆመው። በእግሬ አምስት ደቂቃ እየተጓዝኩ! ዕቃ ይዤ ስመለስ ዙሪያው ባዶ ሆኖ አንድ ፒካፕ አጠገቤ ተለጥፎ አገኛለሁ። አንዴ ሁለቴ አይደለም። ታዲያ መስመሩ ተሰምሮ እያለ እኔ ለምን መስመር እሆናለሁ?

አያ አይሱዙ፦
መስመሩ መሬት ላይ ነዋ ያለው! ወንበርህ ላይ ቁጭ ብለህ መጠጋት ስትጀምር መስመሩ ኮፈኑ ሥር ገብቶ ይጠፋል። የቆመ መኪና እስከ መጨረሻው ከዓይንህ አይወጣም። ደግሞስ ያ ፒካፕ ልክ እንዳንተው አዲስ ቀለም የሚሳሳለት ቢሆንስ? ሁለታችሁም ጥግ ፍለጋ ሄዳችሁ ጥግ ላይ ተገናኛችሁ።

ከሜሪላንድ፦
ይኼን አላሰብኩትም። ግን አልተዋጠልኝም።

የማራኪ ተማሪ፦
እኔም አልተዋጠልኝም። መለኪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ግንብ አጠገብም፣ ዛፍ አጠገብም ያቆማል። ሰለሞን አሽ የሚባል ተመራማሪ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ያደረገው ሙከራ አለ፤ የሚገርመው እሱም ስለ መስመር ነው። የሦስት መስመሮችን ርዝመት ከአንድ መስመር ጋር አስተያዩ ይላል። መልሱ ለሕፃን እንኳ ግልጽ ነው። ከተመራማሪው ጋር ቀድመው የተስማሙ ሰዎች ግን ሆን ብለው ተሳስተው ይመልሳሉ። ተራው የደረሰው ምስኪን ዓይኑ የሚያየውን ትቶ ከእነሱ ጋር ይሳሳታል። ከተፈተኑት ውስጥ ከየአራቱ ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርገዋል። እና ባዶ ግቢ ውስጥ አንድ መኪና ካየህ "እዚህ ነው የሚቆመው" ትላለህ። ሌላው ቦታ ክልክል ቢሆንስ? ዘበኛ ቢጮህብኝስ?

ዶልፊን፦
አሁን የተናገርከው እውነት ነው። እኔ ራሴ አዲስ ግቢ ስገባ ዘበኛው እንዳይጮህብኝ ሰው ያቆመበት ነው የምሄደው። ተማሪ ሳትሆን ረዳት መሆን ነበረብህ።

የአራዳ ልጅ፦
ጎንደሬ ሆናችሁ እንዴት ይኼ ይገርማችኋል? አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ከተማውን ሲቆረቁሩ አገሩ ባዶ ነበር። ግንባቸውን አሠሩ። ልጃቸው አፄ ዮሐንስ መጡ፣ አጠገባቸው። የልጅ ልጃቸው አፄ ኢያሱ፣ አጠገባቸው። ዳዊትም በካፋም እዚያው። 900 ሜትር አጥር ውስጥ ግንብ ለግንብ ተደጋግፈው ቁጭ። ባዶ ቦታ ላይ ሄደው ለብቻቸው ያቆሙት እቴጌ ምንትዋብ ብቻ ናቸው፤ ቁስቋም ወጡ። ባለ ቪትዟም የምንትዋብ ዘር ሳትሆን አትቀርም።

ዶልፊን፦
ምንትዋብም መጀመሪያ ግቢው ውስጥ አሠርተዋል እኮ። ቱሪስት ይዤ ስሄድ አስጎብኚው ሲያሳይ ሰምቻለሁ። ቁስቋም የወጡት ኋላ ነው።

የአራዳ ልጅ፦
እሱማ በራቸውን ሲዘጉባቸው ነዋ የወጡት። ኪኪኪ

የአዘዞዋ፦
እናንተ ትስቃላችሁ፣ እኔን ግን አያስቀኝም። የማታ ተረኛ ነኝ፣ 3 ሰዓት ላይ ነው ከሥራ የምወጣው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ እስኪያባራ ሞተር አጥፍቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ግቢው ጨለማ ነው፣ ሰው የለም። አንድ መኪና ገባ። ያን ሁሉ ቦታ አልፎ መጥቶ ክንድ በማይሞላ ርቀት አጠገቤ ቆመና መብራቱን አጠፋ። በሩን ቆለፍኩ፣ ስልኬን ያዝኩ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። መስታወቱን ዝቅ ሲያደርግ አንድ ሽማግሌ ናቸው። "ልጄ፣ ሰው ያለበት ይሻላል ብዬ ነው" አሉኝ። እሳቸው ፈርተው ወደ እኔ መጡ፣ እኔ እሳቸውን ፈርቼ ልሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ውስጡ ያለበት መኪና አጠገብ አላቆምም፤ በተለይ ማታ፣ በተለይ ሴት ከሆነች። ወንዶቹ ይኼን ብትይዙት ደስ ይለኛል።

አያ አይሱዙ፦
ይኼንን እውነቴን ነው አስቤው አላውቅም። ይዤዋለሁ የኔ ልጅ።

የፓርኪንግ ልጅ፦
እኔ ፓርኪንግ ላይ የምሠራ ነኝ። እናንተ ሾፌሩ መረጠ ትላላችሁ፤ እኛ ባለንበት ሾፌር አይመርጥም፣ እኛ ነን "ና፣ ና፣ መሪ ስበር፣ በቃ" የምንለው። ተለጣጥፋችሁ እንድትቆሙ የምናደርገው እናንተን ለማናደድ አይደለም። ለሁለት ሆነን 40 መኪና እንጠብቃለን። አንዱ እዚያ አንዱ እዚህ ከሆነ በየትኛው ዓይናችን? ከአንድ ጥግ ጀምረን እየሞላን ከመጣን ሁሉም በአንድ ዓይን ይታያል፣ ለአይሱዙም መዞሪያ ይተርፋል። የጥምቀት ሰሞን ኑና እዩ። ጥር 10 ከተራ ላይ ወደ ፋሲል መዋኛ ታቦት ሊያጅብ የሚመጣው እንግዳ መኪናውን ቀድሞ መሀል ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ከዚያ በእሱ ዙሪያ የምትገባው ባጃጅ ብቻ ናት። ባለ ቪትዟ እህቴ፣ አትቀየሚኝና፣ አንቺም መሀል ላይ ነው ያቆምሽው። ከጥግ ብትጀምሪ አንድ ጎንሽ ነፃ ይሆን ነበር።

ባለ ቪትዟ፦
ጭራሽ እኔ ጥፋተኛ ሆንኩ?

የፓርኪንግ ልጅ፦
ጥፋተኛ አላልኩም። እሁድ እኛ ከ2 ሰዓት በፊት አንገባም፣ ጥፋቱ የኛም ነው። ጎኑ ምን ሆነ? ቀለም ጭሯል?

ባለ ቪትዟ፦
አልጫረም። ጭሮ ቢሆን ይኼኔ ሽማግሌ ተቀምጠን ነበር።

ነጩ ኮሮላ፦
እ... ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ፣ ያ መኪና የእኔ ነው። ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ወሬ ነው። አያ እንዳሉት ነው የሆነው፤ አንቺን ዓይቼ ቀጥ ላደርገው ብዬ ነው። በእኔ በኩል በሩ በደንብ ተከፈተ፣ ወረድኩ፣ ቆለፍኩ፣ ሄድኩ። በዚያኛው በኩል ዞሬ አላየሁም። ስለ ቀሚሱ በጣም አዝናለሁ።

አያ አይሱዙ፦
እንዳንተ ያለ የት ይገኛል! አሁን ስማኝ። በእኛ አገር መሪው በግራ ነው። ሾፌር ግራውን ያያል፣ ቀኙን ይገምታል። አንተ በእሷ ግራ ስትገባ የማታየው ጎንህ፣ ቀኝህ፣ ከሾፌር በሯ ጋር ገጠመ። ያንተ በር በባዶው በኩል ስለሆነ ምንም ሳይሰማህ ወረድክ። ጠባቡን ለእሷ ጥለህ ሰፊውን ለራስህ ያዝክ ማለት ነው። በቀኟ ገብተህ ቢሆን ኖሮስ? ያንተ የሾፌር በር በእሷ በኩል ይሆናል። መውረድ ስላለብህ ሳትወድ በግድህ ቦታ ትተዋለህ። ስለዚህ ሁለታችሁም በአፍንጫ ከገባችሁ፣ ሰው አጠገብ ማቆም ካማረህ በቀኙ ቁም። አንዱ በአፍንጫ አንዱ በኋላ ማርሽ ከገባ ነገሩ ይገለበጣል፣ ያኔ ወርደህ ማየት ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም።

ባለ ቪትዟ፦
ይኼን ማንም አላስተማረኝም። ማሰልጠኛ ውስጥ በአራት እንጨት መሀል በኋላ ማርሽ አስገቢ ብቻ ነው የተባልኩት። ኮሮላው፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ድንቁርና ያልኩትንም አንስቻለሁ። ዞረህ አለማየትህን ግን አላነሳሁም።

ነጩ ኮሮላ፦
አሜን። ጥለቱን የሚሠራ ሸማኔ አፈላልጋለሁ።

አስተዳዳሪ፦
ከመበተናችን በፊት አንድ ነገር። ቀለም ባይኖር ኖራ አለ፤ ሕፃናት ኳስ ሜዳ ያሰምሩበት የለ? የግቢው ሰዎች ከፈቀዱ ቅዳሜ ወጥተን ብናሰምርስ? በ3 ሜትር በ3 ሜትር።

የፓርኪንግ ልጅ፦
3 ሜትር አይሆንም! አጥሩ በእያንዳንዱ ወገን 50 ሜትር ነው። በ2 ሜትር ተኩል ብትከፍለው 20 እና 20፣ 40 መኪና ይገባል። በ3 ሜትር 16 እና 16፣ 32 ነው። የ8 መኪና ሒሳብ ማን ይከፍለኛል?

ባለ ቪትዟ፦
የእኔ ቪትዝ ወርዷ 1 ሜትር ከ66 ነው። በ2 ሜትር ተኩል ውስጥ 84 ሳንቲም ይተርፈኛል፣ ለእኔ ይበቃል።

አያ አይሱዙ፦
ላንቺ ይበቃል። እኔ የት ልሂድ?

የፓርኪንግ ልጅ፦
አያ እርስዎ እንደ ምንትዋብ ለብቻዎ። በሩ አጠገብ ሁለት ሰፊ ቦታ እተውልዎታለሁ፣ ዋጋው ግን የሁለት መኪና ነው።

አያ አይሱዙ፦
ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው? ኖራውን እኔ ጭኜ አመጣለሁ፣ በዋጋው ግን እዚያው እንጨቃጨቃለን።